ማታ 4 ሰዓት ላይ ሁላችንም ስንሰካ

ባለፈው መስከረም ለጎረቤቶቼ አንድ ምክር ሰጥቼ ነበር። ከራሴ የፈጠርኩት ምክር አይደለም፤ ብዙ አገር የሚሠራበት፣ ባለሙያዎችም የሚስማሙበት ነው። ጎረቤቶቼም ሰሙኝ። በሰሙኝ በአንድ ሳምንት ውስጥ ግማሹ ሰፈራችን ሁለት ጊዜ ጨለመ። ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ምክር ነው። ረዘም ስለሚል ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

የምኖረው ሰሚት አካባቢ፣ ከማኅበር ቤቶች በአንዱ ግቢ፣ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው። ቋሚ ደመወዝ የሌለኝ ጋዜጠኛ ነኝ፤ የጻፍኩት ሲወጣ ይከፈለኛል፣ ሳይወጣ ሲቀር ለኪራይ እበደራለሁ። አከራዬን ጋሼ ነው የምላቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። የድሮ ቪትዛቸውን ሸጠው፣ ውጭ ያለችው ልጃቸው ጨምራላቸው፣ አምና የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ። ቻርጀሩ ከእኔ መስኮት አጠገብ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ። የስልክ መተግበሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ጠሩኝና «አንተ የተማርክ ልጅ ነህ፤ እስቲ ይሄን ነገር አስተካክልልኝ» አሉኝ።

አስተካከልኩላቸው። መኪናው ማታ እንደገባ ቻርጅ ማድረግ እንዳይጀምር፣ ሰዓቱን 4 ላይ ሞላሁት። ምክንያቱንም አስረዳኋቸው። ከምሽቱ 12 እስከ 4 ሰዓት ሰው ሁሉ ቤቱ ይገባል፣ ወጥ ይሠራል፣ ምጣድ ይጥዳል፣ ቴሌቪዥን ይከፍታል። መስመሩ የሚጨናነቀው ያኔ ነው። ከ4 በኋላ ሰው ይተኛል፣ መስመሩም ይቀለዋል። ጋሼ ደስ አላቸው። «በሰፈሩ ግሩፕ ላይ ለሌሎቹም ጻፍላቸው» አሉኝ። ጻፍኩ፤ በስክሪንሾት አስደግፌ፣ ደረጃ በደረጃ። የህዳሴው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ ሰው ሁሉ ስለ መብራት የሚያወራበት ሰሞን ስለነበር ጽሑፌ ተወደደ።

በመንገዳችን 11 የኤሌክትሪክ መኪና አለ። ሁሉም ለማለት ይቻላል ሰዓታቸውን 4 ላይ ሞሉት።

በመጀመሪያው ማታ ከ4 ሰዓት ጥቂት ደቂቃዎች እንዳለፉ መብራቱ ፈዘዘ፣ ከዚያ ጠፋ። ወጥቼ ሳይ ከማዶ ያሉት ቤቶች መብራት አላቸው። በእኛ በኩል ደግሞ አንዱ ግቢ አለው፣ ቀጣዩ የለውም። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይህ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ አንድ ፌዝ ሄዷል ማለት ነው። ጠዋት ሠራተኞች መጥተው ምሰሶው ላይ ያለውን ፊውዝ ቀየሩ። ከሦስት ቀን በኋላ፣ የደመራ ዋዜማ ማታ፣ በዚያው ሰዓት ደገመው።

አሁን ስለ እትዬ ልንገራችሁ። ከእኛ ሁለት ግቢ አለፍ ብሎ እንደ እኔው ሰርቪስ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ። እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶችና ለሱቆች ያስረክባሉ። ሁለት ምጣድ አላቸው። የሚጋግሩት ከማታ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ነው። ለምን ሌሊት እንደሚጋግሩ ከዚህ በፊት ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር። እንቅልፍ ስለማይወዳቸው ይመስለኝ ነበር። ለካ ምክንያቱ ኃይሉ ነው። ምሽት ላይ ኃይሉ ስለሚደክም ምጣዱ በወጉ አይግልም፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ዓይን የሌለው እንጀራ ይመለስባቸዋል። ስለዚህ ከዓመታት በፊት ጀምረው ሥራቸውን ሰው ወደሚተኛበት ሰዓት አዛወሩ። እኔ ከኢንተርኔት ያነበብኩትን ምክር እትዬ ማንም ሳይነግራቸው በእጃቸው ሠርተው ደርሰውበታል።

የደመራ ዋዜማ ማታ ሊጡ አብሲት ተጥሎበት፣ ኩፍ ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። ሊጥ መብራት እስኪመጣ አይጠብቅም። ጠዋት መብራቱ ሲመጣ ሊጡ ኮምጥጦ አልሆን አለ። የበዓል ትእዛዝ ነበር፤ ብዙው ባከነ።

በማግስቱ የሰፈሩ ኮሚቴ ስብሰባ ጠራ። ለስብሰባ ተከራይ አይጠራም፤ እኔ የተጠራሁት የመኪኖቹን መተግበሪያ ስለማውቅ ነው። ውይይቱ አልረዘመም። አንዱ ተነስቶ «ነገሩ ግልጽ ነው። በመኖሪያ ቤት ቆጣሪ ንግድ እየተሠራ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሁለት ምጣድ የሚጥድ ሰው እያለ መስመሩ እንዴት ይችላል?» አለ። ብዙዎች ተስማሙ። እትዬ ማታ መጋገር እንዲያቆሙ በአከራያቸው በኩል ይነገራቸው ተባለ።

ዝም አልኩ። ቁጥሩን በጭንቅላቴ እያሰላሁ ነበር፤ የሚለው ሰው እንደተሳሳተ አውቄያለሁ። ግን ጋሼ አጠገቤ ተቀምጠዋል፣ ጉዳዩ የሳቸውንም መኪና ይነካል፣ የቤት ኪራይ ውሌም ታኅሣሥ ላይ ያልቃል። ስለ ሌላው ሰው ዝምታ ስንት ጊዜ ጽፌያለሁ። የራሴን ዝምታ ያን ቀን አየሁት።

ማታ እትዬ ጋር ሄድኩ። «እትዬ፣ ሁሉም 4 ሰዓት ላይ እንዲሰኩ የነገርኳቸው እኔ ነኝ» አልኳቸው። እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ አዩኝና «መቼም ክፉ አስበህ አይደለም» አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን «ቆይ ግን ልጄ፣ ሌሊቱ ባዶ ነው ያለህ ማነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ያነበብኩት ሁሉ ሌሊቱ ባዶ ነው ይል ነበርና።

በማግስቱ ጠዋት ደብተር ይዤ መንገዱን ዞርኩ። በሁለቱም ማታ መብራት የጠፋባቸው ግቢዎች የትኞቹ እንደሆኑ እየጠየቅኩ መዘገብኩ፤ አብረው የጠፉት በአንድ ፌዝ ላይ ናቸው ማለት ነው። ፊውዙን የቀየረውን ባለሙያም አግኝቼ ጠየቅኩት። የነገረኝን ለእናንተም በቀላሉ ላስቀምጠው።

ምሰሶው ላይ ያለው ትራንስፎርመር ባለ 200 ኪሎቮልት አምፔር ነው። 200 ኪሎዋት ገደማ ይሸከማል ብላችሁ አስቡት። ይህ ግን ለሦስት ፌዝ የሚካፈል ነው፤ ለእያንዳንዱ ፌዝ 66 ገደማ ይደርሰዋል። በመንገዳችን ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ቻርጀሮች እያንዳንዳቸው 7 ኪሎዋት ይስባሉ። ከ11ዱ መኪኖች 7ቱ በአንድ ፌዝ ላይ ሆነው ተገኙ። ያለ ምክንያት አይደለም፤ «ጥሩው ፌዝ» እሱ ነው እየተባለ ባለፉት ዓመታት ብዙ ሰው ወደዚያ ተዛውሯል። ሰባት ጊዜ ሰባት 49 ነው። የሚቀረው 17 ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይፈልጋል። 17ቱ ለአምስት ምጣድ እንኳ አይበቃም። በዚያ ፌዝ ላይ ግን ወደ 30 የሚጠጉ ቤቶች አሉ። ቀኑ ደግሞ የበዓል ዋዜማ ነው።

የእትዬ ሁለት ምጣድ 7 ኪሎዋት ነው። ከአንድ መኪና ጋር እኩል ማለት ነው።

ታዲያ ከምክሬ በፊት ለምን ፊውዙ አልተቃጠለም? መልሱን ሳገኝ አፈርኩ። ያኔ እያንዳንዱ ሰው መኪናውን የሚሰካው በገባበት ሰዓት ነበር። አንዱ በ1 ሰዓት፣ ሌላው በ3፣ ሌላው ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ በ5። ማንም ሳያቀናጀው በራሱ የተበተነ ነበር። እኔ ሰብስቤ በአንድ ደቂቃ ላይ አሰለፍኳቸው። በአንድ በር ተራ በተራ ይገባ የነበረውን ሰው፣ በሩ የሚሰፋበትን ሰዓት ነግሬው በአንዴ እንዲገፋ አደረግኩት።

ይህ ስህተት የእኔ ብቻ እንዳልሆነ በኋላ ሳነብ አወቅኩ። በብሪታንያ ከ2014 ዓ.ም. ሰኔ ወር ማብቂያ ጀምሮ በሚሠራ ሕግ፣ ለቤትና ለመሥሪያ ቤት የሚሸጥ አዲስ ቻርጀር ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ በሥራ ቀናት በሁለት የጭንቅ ሰዓቶች እንዳይሠራ ተደርጎ ይሞላል። ሰዓቶቹ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 እስከ 5 እና ከቀኑ 10 እስከ ማታ 4 ናቸው። ባለቤቱ ከፈለገ መቀየር ይችላል። ትልቁ ነገር ግን ይህ አይደለም። ሕጉ ቻርጀሩ ሰዓቱ ሲደርስ ወዲያው እንዳይነሳ ያስገድዳል። እያንዳንዱ በዕጣ እንደደረሰው እስከ 10 ደቂቃ ድረስ ይዘገያል። ሁሉም በአንድ ቅጽበት ከተነሱ ሌሊቱ ራሱ አዲስ ምሽት እንደሚሆን የሕጉ አርቃቂዎች ቀድመው አስበውበታል። በጀርመን ደግሞ ከአውሮፓውያኑ 2024 መጀመሪያ ጀምሮ መስመሩ ሲጨናነቅ የአካባቢው ኔትወርክ ባለቤት አዳዲሶቹን የቤት ቻርጀሮች ወደ 4.2 ኪሎዋት ማውረድ ይችላል። ሙሉ በሙሉ ማጥፋት ግን አይችልም። በምትኩ ባለቤቱ የመስመር ክፍያ ይቀነስለታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጥያቄው ሌላ መልክ አለው። ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ተከልክሏል። ነዳጅ የምንገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ኤሌክትሪክ ግን ከራሳችን ውሃ ነው፤ በዚህ ሐሳብ እስማማለሁ። ነገሩን ከግድብ ጋር ብቻ እያያያዝን ስናወራ ግን የሚቀር ነገር አለ። 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጭ ግድብ አለን ስንል፣ መኪናው በቀጥታ ከጉባ የሚሰካ ይመስላል። ኃይሉ ከጉባ ተነስቶ፣ በከፍተኛ መስመር መጥቶ፣ በሰብስቴሽን አልፎ፣ መጨረሻ ላይ የሚወርደው በዚያች 200 በተጻፈባት ምሰሶ ላይ ነው። ጠባቡ ቦታ እሱ ነው።

ደግሞ አስቡት፤ በፀሐይ ኃይል የሚተማመን አገር ኤሌክትሪኩን ቀን ካልተጠቀመበት ያመልጠዋል። የእኛ ኃይል በአብዛኛው ከግድብ የሚመጣ ነው፤ ውሃው ተጠራቅሞ መቆየት ይችላል። ስለዚህ «ሌሊት ኃይል እንዳይባክን ሌሊት ሰኩ» የሚለው ምክር ለእኛ ያን ያህል አይሠራም። ሌሊት መሰካት የሚጠቅመን መስመሩና ትራንስፎርመሩ ሲቀላቸው ብቻ ነው። ትራንስፎርመር ደግሞ ሌሊት የሚበርድበት ሰዓቱ ነው። ምሽቱን ሙሉ ግሎ፣ ሌሊቱን ደግሞ ሰባት መኪና ከጫንበት የሚያርፍበት ሰዓት አይኖረውም፤ ዕድሜው ያጥራል።

እስቲ ቁጥሩን ሰፋ አድርገን እንየው። መቶ ሺህ የኤሌክትሪክ መኪና አለ እንበል። ሁሉም በአንድ ጊዜ በ7 ኪሎዋት ቢሰኩ 700 ሜጋዋት ነው፤ የህዳሴው ግድብ ሙሉ አቅም አንድ ሰባተኛ ገደማ። ግን አንድ የቤት መኪና በቀን 50 ኪሎሜትር ቢሄድ የሚያስፈልገው 8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህንኑ ኃይል በሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ዘርግተን ብንሰጠው ለመቶ ሺው መኪና 100 ሜጋዋት ይበቃል። መኪናው ያው፣ መንገዱ ያው፣ ኪሎሜትሩ ያው፤ ልዩነቱ ግን ሰባት እጥፍ ነው። ለዚያ ልዩነት አዲስ ግድብ አያስፈልግም። ተራ መያዝ ነው የሚያስፈልገው።

ተራ መያዝ ደግሞ ለመኪና ቀላል ነው። የጋሼ መኪና ከምሽቱ 2 እስከ ጠዋቱ 12 ግቢ ውስጥ ቆማለች። በእነዚያ 10 ሰዓቶች ውስጥ የሚያስፈልጋት አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። የትኛው ሰዓት ይሁን ብትሏት ግድ የላትም። የእትዬ ሊጥ ግን ግድ አለው።

በሁለተኛው ስብሰባ ላይ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። እየፈራሁ ነው የተናገርኩት፤ ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። መጀመሪያ የኔን ጥፋት ነገርኳቸው፣ ቀጥሎ ቁጥሩን አነበብኩላቸው። ሁለት ምጣድ አንድ መኪና መሆኑን ስናገር ያ ባለፈው የተናገረው ሰው «እና ምን እናድርግ፣ መኪናችንን እንሽጥ?» አለኝ። ጋሼ ምንም አላሉም። ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን ሰላምታችን ቀዝቅዞ ሰነበተ። በአራተኛው ቀን በሬን አንኳኩና «በል ና፣ ያን አምፔር የምትለውን አውርድልኝ» አሉኝ። የሰፈሩ ስምምነት የጀመረው ከዚያ ነው።

ስምምነታችን ቀላል ነው። አንደኛ፣ ሁሉም ቻርጀር ከ32 አምፔር ወደ 16 ወረደ። ያ 3.5 ኪሎዋት ነው፤ አንድ መኪና ከአንድ ምጣድ በላይ እንዳይስብ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ መኪኖቹ በሦስት ምድብ ተከፈሉ። አንዱ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ተኩል፣ ሁለተኛው እስከ 9፣ ሦስተኛው እስከ ንጋት። ሁለት ሰዓት ተኩል በ16 አምፔር ለ50 ኪሎሜትር ይበቃል። ማን የትኛው ምድብ እንደሚገባ እንደ ዕቁብ ዕጣ ወጣ፣ በየወሩም ይዞራል። ያ ሰባት መኪና የተከማቸበት ፌዝ በአንድ ምድብ ከሁለት መኪና በላይ እንዳይኖርበት አደረግን። ሦስተኛ፣ በመካከላችን አንድ የራይድ ሹፌር አለ። በቀን ወደ 200 ኪሎሜትር ይነዳል፣ እንጀራውም እሱ ነው። እሱ ዕጣ ውስጥ አልገባም፤ በ16 አምፔር ሌሊቱን ሙሉ ይሰካል። አራተኛ፣ በበዓል ዋዜማ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት ከሹፌሩ በቀር ማንም አይሰካም።

እንዲህ ሲደረግ በአንድ ጊዜ የሚሰኩት መኪኖች ቢበዛ አምስት ናቸው፤ 17 ኪሎዋት ተኩል። በምክሬ ሰሞን 77 ሊደርስ ይችል ነበር። ይህን ስጽፍ ሁለት ወር ሊሆነው ነው፤ ፊውዙ አልተቃጠለም። ባትሪው ሳይሞላ የቀረበት ሰው አልሰማሁም።

ይህን የምነግራችሁ ሰፈራችን ጎበዝ ነው ለማለት አይደለም። በዚህ ወር ብቻ ሁለት አዲስ መኪና ገብቷል። አንደኛው ባለቤት ስለ ዕጣው አልሰማም ነበር፤ ሁለተኛው ሰምቶ «በራሴ ቆጣሪ ማን ያገባዋል» ብሏል። እውነቱን ነው፤ የሚያስገድደው ነገር የለም። የጎረቤት ይሉኝታ ለ11 መኪና ይሠራል። ለ40 መኪና አይሠራም።

ስለዚህ ሊደረግ ይገባል የምለውን ላስቀምጥ። የቤት ታሪፋችን የሚለየው በምንጠቀመው መጠን እንጂ በምንጠቀምበት ሰዓት አይደለም። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ ታዲያ መጨመሩ ካልቀረ ለመኪና ቻርጅ ሰዓትን የሚለይ ዋጋ ቢኖር፣ ሌሊት ዘርግቶ ለሚሰካ ቢቀነስለት፣ በምሽት ለሚሰካ ቢጨመርበት ምን ይጎዳል? ምጣድ የምትጥድ ሴት ግን በዚህ ጭማሪ ውስጥ መግባት የለባትም፤ ለመኪናው የራሱ ቆጣሪ ይኑረው።

ቻርጀሮቻችን በሙሉ ለማለት ይቻላል ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ሰዓት የሚሞላላቸው፣ አምፔር የሚወርድላቸው፣ እንደ ብሪታንያው በዕጣ የሚዘገዩ እንዲሆኑ ለማስገደድ በጉምሩክ በር ላይ ከማድረግ የተሻለ ርካሽ ቦታ የለም። አንዴ መቶ ሺህ ግድግዳ ላይ ከተሰቀሉ በኋላ አንድ በአንድ ማስተካከል ግን አይቻልም። 7 ኪሎዋት የሚስብ ዕቃ የሚሰቅል ሰውም ቢያንስ ያስመዝግብ፤ በየትኛው ትራንስፎርመር፣ በየትኛው ፌዝ ላይ እንደገባ ይታወቅ። እኔ በደብተር ግቢ ለግቢ ዞሬ ያገኘሁት መረጃ ፊውዙ ከመቃጠሉ በፊት በአንድ ጽሕፈት ቤት ሊገኝ የሚገባው ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር እንዳይረሳ እፈልጋለሁ። ሌሊት ሰኩ የሚለውን ምክር የሚሰጥ ሰው፣ ባለሥልጣንም ይሁን እንደ እኔ ያለ ጋዜጠኛ፣ በሌሊቱ ማን እንዳለበት መጀመሪያ ይጠይቅ። የሚጋግሩ አሉ፣ ዳቦ የሚያቦኩ አሉ። ኃይሉ የሚሻልበትን ሰዓት ፈልገው እንቅልፋቸውን የከፈሉበት ሰዎች ናቸው። ስብሰባ ላይ አይጠሩም። ግሩፑ ላይም የሉም።

ትናንት ማታ 4 ሰዓት ላይ ይህን ጽሑፍ እያረምኩ በመስኮት አየሁ። የጋሼ ቻርጀር አልበራም፤ በዚህ ወር ተራቸው ከ9 ሰዓት በኋላ ነው። ከወዲያ በኩል የእትዬ ምጣድ ሽታ ይመጣ ነበር። ኪራይ ውሌን በተመለከተ ጋሼ እስካሁን ያሉኝ ነገር የለም።

እናንተ ሰፈርስ እንዴት ነው? ስንት መኪና፣ በየት ሰዓት ይሰካል? መኪና ያላችሁም፣ ምጣድ ያላችሁም ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።